ኤችአይቪ፣ ኤድስ እና «ተደራቢ መያዝ»፦ ስለ ስያሜዎቹ አመራረጥና አጠቃቀም

አንድ ሙያዊ ቃል ዋጋ የሚኖረው አንዱን ጽንሰ ሐሳብ ከሌላው ለይቶ ሲያመለክት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር አንድ ቃል ሁለትና ሦስት ፍች ቢሸከም ሰሚው ከአነጋገሩ አካሄድ እየለየ ይረዳዋል። በሕክምና፣ በሕግና ይህን በመሳሰሉት ሙያዎች ግን የቃል መደባለቅ የሥራ መደባለቅን ያስከትላል። ለዚህም ኤችአይቪና ኤድስ የሚሉትን ሁለት ስያሜዎች ያህል ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለቱ ቃላት በአማርኛ ከገቡ አራት ዐሥርተ ዓመታት ያህል ቢቆጠሩም፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ፣ ሁለቱም በአንድ እዝባር ተጣምረው እንደ አንድ ነገር ሲጠሩ ዛሬም እናገኛለን። በዚህ ላይ ቫይረሱ ያለበት ሰው ሌላ ዐይነት ኤችአይቪ ሲተላለፍበት የሚሆነውን ነገር የሚገልጽ የተረጋጋ የአማርኛ ስያሜ አለመኖሩ ለተርጓሚው ተጨማሪ ችግር ሆኖአል።

በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በኤችአይቪና በኤድስ መካከል ያለው ግንኙነት ምን እንደ ሆነ ከገለጽን በኋላ ቃላቱ ከየትኞቹ ግሦችና ቅጽሎች ጋር ሊሄዱ እንደሚገባ ማሳየት ነው። ሁለተኛው፣ የሁለተኛ ጊዜ መያዝን የሚመለከቱትን ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች ለይተን ለእያንዳንዳቸው አቻ ቃል ማቅረብ ነው። ጉዳዩ የቃላት ብቻ አለመሆኑን ግን ከወዲሁ ማስገንዘብ እንወዳለን። ተርጓሚው የሚመርጠው ቃል በምክር ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ሕይወቱ የሚሰጠውን ውሳኔ ይነካልና።

1. የስያሜዎቹ አመጣጥ

የበሽታው ስም ከአምጪው ስም ቀድሞ መውጣቱ ለኋላው መደባለቅ አንዱ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው ሳምንታዊ መግለጫ፣ ቀደም ሲል ጤናማ የነበሩ አምስት ወጣት ወንዶች በሎስ አንጀለስ ከተማ እምብዛም በማይታይ የሳንባ ምች መያዛቸውን አስታወቀ። በ1982 ይኸው ማዕከል ኤድስ የሚለውን ስያሜ መጠቀም ጀመረ። በዚያን ጊዜ የሚታወቀው ሕመሙ እንጂ አምጪው አልነበረም።

አምጪው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1983 በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት በፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲ፣ በሉክ ሞንታኚዬና በባልደረቦቻቸው ተለየ፤ ሁለቱ ሊቃውንት በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶአቸዋል። የፓሪሶቹ ተመራማሪዎች ቫይረሱን ኤልኤቪ ብለው ሰየሙት። በ1984 በአሜሪካ የሮበርት ጋሎ ቡድን ኤችቲኤልቪ-3 አለው፤ በሳን ፍራንሲስኮ የጄይ ሌቪ ቡድን ደግሞ ኤአርቪ ብሎ ጠራው። አንድ ቫይረስ ሦስት ስም ይዞ ከቆየ በኋላ በ1986 ጉዳዩን እንዲመረምር የተሠየመው ዓለም አቀፍ የቫይረስ አመዳደብ ንኡስ ኮሚቴ ኤችአይቪ የሚለውን ስያሜ አጸደቀ። ቃሉ ሲፈታ «የሰውን የበሽታ መከላከል አቅም የሚያዳክም ቫይረስ» ማለት ነው። በዚህ ስያሜ ውስጥ ኤድስ የሚለው ቃል አለመግባቱን ልብ ማለት ይገባል።

ለተርጓሚ የሚጠቅም አንድ ነጥብ እዚህ ላይ እንጨምር። ኤአርቪ በዛሬው አማርኛ የመድኃኒት ስም ነው፤ «ኤአርቪ ጀመረ» ሲባል የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት መውሰድ ጀመረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1986 በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ ግን ይኸው ምኅጻረ ቃል ራሱን ቫይረሱን ሊያመለክት ይችላል። የጽሑፉን ዘመን ሳይመለከት የሚተረጉም ሰው በሽታውን በመድኃኒት፣ መድኃኒቱን በበሽታ ሊለውጥ ነው።

በአገራችን የኤችአይቪ መኖር ማስረጃ የተገኘው በ1976 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። አማርኛ ስያሜዎቹን ከፈረንሳይኛው ሲዳ ሳይሆን ከእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃል ወስዶአል። ሆኖም ሁለቱ የገቡበት መንገድ ይለያያል። ኤድስ እንደ አንድ ቃል ተነብቦ የገባ ሲሆን ኤችአይቪ ፊደሉ አንድ በአንድ እየተጠራ ገባ። ከዚህም የተነሣ ኤድስ በአማርኛ ተናጋሪው ጆሮ እንደ ኩፍኝና እንደ ፈንጣጣ ያለ የአንድ በሽታ የተጸውዖ ስም ሆኖ ተሰማ፤ ኤችአይቪ ግን ለብዙ ጊዜ ትርጉሙ የማይታወቅ የፊደል ድርድር ሆኖ ቆየ። ሕዝቡ የቀለለውን ይዞ ለሁሉም ኤድስ ቢል የሚያስገርም አይደለም። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ሲታተም በሽታው ገና ስላልታወቀ፣ ከቀደምት መዝገበ ቃላት የሚወረስ ብያኔም አልነበረም።

2. የሁለቱ ግንኙነት

ኤችአይቪ ቫይረስ ነው፤ ኤድስ ደግሞ ይህ ቫይረስ ያለ ሕክምና ሲቆይ የሚያደርስበት የሕመም ደረጃ ነው። የመጀመሪያው አምጪ፣ ሁለተኛው ውጤት ነው። ውጤቱ ያለ አምጪው አይመጣም፤ አምጪው ግን ውጤቱን ሳያስከትል ሊኖር ይችላል። የስያሜው ጉዳይ በሙሉ የሚያርፈው በዚህ የአንድ አቅጣጫ ግንኙነት ላይ ነው።

ነገሩን በዝርዝር ስንመለከት፣ ኤችአይቪ በተለይ የሚያጠቃው ሲዲ4 የሚል መለያ ያላቸውን የነጭ ደም ሕዋሳት ነው። ቫይረሱ ወደ ሕዋሱ ከገባ በኋላ በአርኤንኤ የተጻፈ ውርሰ መልእክቱን ወደ ዲኤንኤ ይገለብጥና ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር ያዋሕደዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሕዋሳት ቫይረሱን ሳይባዛ ለዓመታት ደብቀው ይይዙታል። በጤናማ አዋቂ ሰው ዘንድ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኘው የሲዲ4 ሕዋሳት ቁጥር በአብዛኛው ከ500 በላይ ነው። ሕክምና ያላገኘ ሰው ይህ ቁጥር ቀስ በቀስ እየቀነሰበት ይሄዳል፤ ከተያዘበት ጊዜ አንሥቶ ወደ ኤድስ ደረጃ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ እስከ 10 ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራ ላይ በዋለው የአሜሪካ ብያኔ መሠረት ኤድስ የሚባለው የሲዲ4 ቁጥር ከ200 በታች ሲወርድ፣ ወይም በዝርዝር ከተቀመጡት አጋጣሚ ጠባቂ በሽታዎች አንዱ ሲታይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የኤችአይቪን የሕመም ጉዞ በአራት ደረጃዎች ሲከፍል አራተኛው ከኤድስ ጋር ይመሳሰላል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ «ኤድስ ተላለፈበት» የሚለው አባባል ከነገሩ ጋር አይስማማም፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ቫይረሱ እንጂ የሕመሙ ደረጃ አይደለምና። ሁለተኛ፣ ከኤድስ ደረጃ የደረሰ ሰው በሕክምና የመከላከል አቅሙ ሊያገግም ይችላል፤ ኤችአይቪ ግን ከእርሱ ጋር ይኖራል። አንዱን ስም ለሁለቱ የሚጠቀም ቋንቋ ይህን ማገገም የሚናገርበት ቃል ያጣል። «ከኤድስ ዳነ» ቢል ቫይረሱ ጠፋ ያሰኛል፤ «አልዳነም» ቢልም ሕክምናው ጥቅም የለውም ያሰኛል። ሁለቱን ስሞች ለይቶ የሚጠቀም ግን «ከኤድስ ደረጃ አገግሞአል፤ ኤችአይቪ በደሙ ይገኛል» ብሎ እውነቱን መናገር ይችላል።

የሕክምናው ታሪክም በቃላቱ ላይ አሻራውን ትቶአል። የዓለም ጤና ድርጅት መምሪያ ሕክምና እንዲጀመር የሚያዝዘው በ2006 ለአብዛኛው ሰው የሲዲ4 ቁጥር ከ200 በታች ሲሆን ነበር፤ ይህ ወሰን በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አለ፤ በ2015 ወሰኑ ጨርሶ ተነሥቶ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወዲያው እንዲጀምር ተወሰነ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነጻ መታደል በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ «መድኃኒት ጀመረ» የሚለው ንግግር በአብዛኛው «በጠና ታመመ» የሚል ትርጉም ነበረው። ዛሬ ይህ ትርጉም የለውም። የዚያን ዘመን ጽሑፍ የሚተረጉም ወይም በዚያ ዘመን ልማድ የሚናገር ሰው ይህን ለውጥ ማጤን ይኖርበታል።

3. ኤድስ የሚለው ቃል ሲፈታ

ኤድስ የአራት ቃላት ምኅጻር ነው። ለመጀመሪያው ቃል ብዙዎች «የተገኘ» የሚል አቻ ሰጥተውታል። ቃል በቃል ስሕተት ባይሆንም «ተገኘ» በአማርኛ «ተፈልጎ ታየ»፣ «በቦታው ነበረ»፣ «ከአንድ ነገር ፈለቀ» የሚሉ ፍችዎች ስላሉት አንባቢውን ያደናግራል። አንዳንዶች ይህን ለማስወገድ «አብሮ ያልተወለደ» ብለዋል። ይህ ደግሞ የባሰ ችግር አለው፤ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ስለሚችል፣ «አብሮ ያልተወለደ» የሚለው ቃል ሕፃናት አይያዙም የሚል ትርጉም ይሰጣል። የቃሉ ዓላማ በተፈጥሮ ጉድለት ምክንያት ከሚመጣ የመከላከል አቅም ማነስ መለየት ብቻ ነው። ስለዚህ «ከውጭ በመጣ ምክንያት የደረሰ» የሚለውን እንመርጣለን።

የመጨረሻው ቃል በሙያው «የሕመም ምልክቶች ስብስብ» ነው። ይህ የስያሜው ዋና ክፍል ሆኖ ሳለ በአማርኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘነጋው እርሱ ነው። ኤድስ አንድ በሽታ ሳይሆን፣ በተዳከመ የመከላከል አቅም ሳቢያ የሚሰባሰቡ የብዙ በሽታዎችና ምልክቶች የጋራ መጠሪያ ነው። ሙሉው ብያኔ እንግዲህ «ከውጭ በመጣ ምክንያት በደረሰ የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም የሚታይ የሕመም ምልክቶች ስብስብ» ይሆናል። ይህን ረጅም ሐረግ በንግግር ኤድስን ተክቶ እንዲሠራ አናቀርበውም፤ ውሰቱ ሥር ሰዶአል። የሐረጉ ቦታ መዝገበ ቃላት ነው።

4. አብረው የሚሄዱ ቃላት

የአንድ ስያሜ ትክክለኛነት የሚታየው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2015 ባወጣቸው የስያሜ መምሪያዎች በእንግሊዝኛ ስለሚወገዱ አባባሎች ዝርዝር አቅርቦአል። እኛም በዚያው መንፈስ የአማርኛውን እንመልከት።

«የኤድስ ምርመራ» የሚለው «የኤችአይቪ ምርመራ» ሊባል ይገባዋል፤ በተለመደው የደም ምርመራ የሚፈለገው የቫይረሱ ወይም በእርሱ ምክንያት የሚፈጠረው የፀረ አካል ምልክት ነውና። «ኤድስ አለበት» የሚባለው ሐኪም ያን ደረጃ ሲወስን ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ «ኤችአይቪ በደሙ ይገኛል» ይባላል። «የኤድስ ቫይረስ» ውጤቱን የአምጪው ስም ስለሚያደርግ ቢቀር ይሻላል። «የኤችአይቪ ቫይረስ» የሚለው ደግሞ ድግግሞሽ አለበት፤ በምኅጻሩ መጨረሻ ያለው ፊደል ራሱ ቫይረስ ማለት ነው። በጽሑፍ እንዲወገድ ብንመክርም፣ የፊደሎቹን ፍች ለማያውቅ አድማጭ ሲነገር ግን እንደ ማብራሪያ የሚያገለግል ስለ ሆነ እንደ ነውር አንቆጥረውም።

«ኤችአይቪ/ኤድስ» የሚለው ጥምር አጻጻፍ ለድብልቁ ትልቅ ድርሻ አበርክቶአል። እዝባር በአማርኛ አንባቢ ዘንድ «ወይም» ተብሎ ይነበባል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተመሳሳይ ናቸው ያሰኛል። በተቋማት ስምና በሕግ ርእስ ውስጥ የገባውን እንዳለ መተው ግዴታ ነው፤ ለምሳሌ በ1990 ዓ.ም. የወጣውን የኤችአይቪ/ኤድስ ፖሊሲ ስም ተርጓሚ ሊያርመው አይችልም። በሌላ ስፍራ ግን አንዱን መርጦ፣ ሁለቱም ሲያስፈልጉ «ኤችአይቪና ኤድስ» ብሎ መጻፍ ይገባል።

«ተሸካሚ» የሚለው ቃልም ይመርመር። ሰውየውን የቫይረስ ዕቃ ያስመስለዋል፤ ሰው ከነሕይወቱና ከነማዕረጉ መታየቱ ቀርቶ ለሌላው የሚያሰጋ ነገር ሆኖ ይታያል። ይህ የቃል ስሜት ብቻ አለመሆኑን በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ኤችአይቪ ይኖርበታል በሚል ሥጋት ለእነርሱ ሳይነገር ሲጣል መቆየቱ በታወቀ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተዋል። «ኤችአይቪ በደሙ የሚገኝ ሰው» ወይም «ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ሰው» የሚሉት አባባሎች ረዘም ቢሉም የነገሩን ልክ ይናገራሉ።

5. «መያዝ» ለምን?

ቫይረስ ወይም ሌላ ተሕዋሲ ወደ ሰውነት ገብቶ መኖርና መባዛት መጀመሩን የሚገልጽ ቃል ሲፈለግ ሦስት ዕጩዎች ቀርበዋል። «ብክለት» የውሃ፣ የምግብና የዕቃ ነው፤ «የተበከለ ደም» ቢባል ያስኬዳል፤ «የተበከለ ሰው» ግን ነውርን ያዘለ ንግግር ነው። «ልክፍት» በአንዳንድ የሕክምና ጽሑፎች ገብቶአል፤ አጭርና ለርባታ የሚመች መሆኑን አንክድም። ነገር ግን «ተለከፈ» በሕዝቡ ዘንድ ከዛርና ከመንፈስ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ሰውየው በሕክምና የሚረዳ ሳይሆን ሌላ ኀይል የሠለጠነበት ያስመስለዋል። መገለል ብዙ ጉዳት ባደረሰበት ጉዳይ ላይ ይህን ቃል መጠቀም ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም።

የቀረው «መያዝ» ነው። አማርኛ ራሱ «ጉንፋን ያዘኝ»፣ «ወባ ያዘው» ሲል በሽታውን ባለቤት፣ ሰውን ተሳቢ ያደርጋል። ይህ አነጋገር በሰውየው ላይ ጥፋት አይጭንም። «በኤችአይቪ ተያዘ» የሚለው ከዚህ የተወለደ ነው። «ተያዘ» በፖሊስ መያዝንም ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን የተሕዋሲው ስም ከፊት ሲቀድም ጥርጣሬው ይወገዳል።

6. ዳግም፣ ጥምር፣ ተደራቢ

አሁን ወደ ዋናው የስያሜ ችግር እንመጣለን። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሌላ ኤችአይቪ ሊተላለፍበት ይችላልን? ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከተለያዩ የምርምር ቡድኖች የወጡ የሕክምና ዘገባዎች፣ አስቀድሞ በአንድ ዐይነት የተያዙ ሰዎች በኋላ በሌላ መያዛቸውን የቫይረሱን ውርሰ መልእክት በማነጻጸር አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ በአፍሪካም በሌሎችም አህጉሮች ተመሳሳይ ሁኔታ ተመዝግቦአል። ኤችአይቪ አንድ ወጥ አይደለም። ኤችአይቪ-1 እና ኤችአይቪ-2 የተባሉ ሁለት ዋና ዐይነቶች ሲኖሩት፣ በዓለም ላይ በብዛት የተስፋፋው የኤችአይቪ-1 ምድብ ደግሞ በፊደል የሚጠሩ ንኡስ ዐይነቶች አሉት። በኢትዮጵያ የበዛው ንኡስ ዐይነት ሲ ነው። ሁለተኛው መያዝ ከሌላ ንኡስ ዐይነት፣ ወይም ከዚያው ንኡስ ዐይነት ከሌላ ሰው የመጣ ሊሆን ይችላል።

ይህን ክስተት የሚመለከቱ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች አሉ። በሕዝብ ጤና ትምህርት ብዙውን ጊዜ ሦስቱ ሳይለያዩ «ዳግም መያዝ» ይባላሉ። ለየብቻ እንያቸው።

የመጀመሪያው፣ ሰው ከአንድ ተሕዋሲ ከዳነ በኋላ እንደገና በዚያው መያዙ ነው። ወባና ጨብጥ ለዚህ ምሳሌ ናቸው፤ በመድኃኒት ከሄፓታይተስ ሲ የዳነ ሰውም እንደገና ሊያዝ ይችላል። «ዳግም» የሚለው የግእዝ ቃል ለዚህ በትክክል ይስማማል። ዳግም ምጽአት ስንል የመጀመሪያው መምጣት ተፈጽሞ ዕርገት እንደ ተከተለ እናስባለን፤ ዳግም ጋብቻ ስንል የፊተኛው ጋብቻ በሞት ወይም በፍች አብቅቶአል ማለታችን ነው። «ዳግም» የቀደመው ነገር ማብቃቱን አስቀድሞ ያስረዳል። በኤችአይቪ ግን የቀደመው አላበቃም። ለደም ካንሰር ሲባል በተደረገ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ምክንያት ቫይረሱ የጠፋላቸው እጅግ ጥቂት ሰዎች ካልሆኑ በስተቀር፣ ሕክምና መባዛቱን ይገታል እንጂ ቫይረሱን ከሰውነት አያስወግድም። እንግዲህ በኤችአይቪ ረገድ «ዳግም መያዝ» ማለት «የመጀመሪያው ለቅቆህ ነበር» ማለት ይሆናል። ከዚህ ቃል ተነሥቶ «ታዲያ የመጀመሪያው ከጠፋ መድኃኒቱን ለምን እወስዳለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥፋቱ የጠያቂው አይደለም።

ሁለተኛው፣ ሰው በአንድ ጊዜ ወይም እጅግ በተቀራረበ ጊዜ፣ ሰውነቱ ለመጀመሪያው ገና ምላሽ ሳይመሠርት፣ በሁለት ዐይነት መያዙ ነው። ለዚህ «ጥምር መያዝ» እንላለን። ይህ ቃል ለኤችአይቪና ለሳንባ ነቀርሳ አንድ ላይ መገኘትም ያገለግላል፤ በዚያ አገባብ ጊዜው ሳይሆን አብሮ መገኘቱ ነው የሚቆጠረው። አሻሚነትን ለማስወገድ ተርጓሚው «በሁለት የኤችአይቪ ዐይነቶች ጥምር መያዝ» ወይም «የኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ ጥምር መያዝ» ብሎ ይሙላ።

ሦስተኛው፣ የመጀመሪያው ኤችአይቪ በሰውነት ውስጥ ተደላድሎ ሰውነት ምላሽ ከመሠረተ በኋላ ሁለተኛው በላዩ ሲመጣ ነው። በ2002 የተዘገቡት ከዚህ ወገን ናቸው። ለዚህ «ተደራቢ መያዝ» የሚለውን እናቀርባለን። «ደረበ» አንዱን ልብስ ሳያወልቁ ሌላውን በላዩ መልበስ ነው፤ ካባ የደረበ ሰው ከውስጥ ያለውን ቀሚስ አላወለቀም። የፊተኛው መኖርና የኋለኛው መጨመር ሁለቱም በአንድ ቃል ይታያሉ። «ድርብ መያዝ» የሚለውን ያልመረጥነው፣ «ድርብ» ጊዜን ስለማይለይ ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም ስለሚሆን ነው። ሁለቱን በአንድነት የሚጠራ ቃል ሲያስፈልግ «ድርብ መያዝ» የወል ስም ሆኖ ሊያገለግል ይችላል።

የተደራቢ መያዝ ጉዳት በሦስት ወገን ይታያል። አንደኛ፣ የኋለኛው ቫይረስ መድኃኒትን የተላመደ ከሆነ ሲሠራ የነበረው ሕክምና ሊሰናከል ይችላል። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ የቫይረሱ መጠን ሲጨምርና የሲዲ4 ቁጥር ሲቀንስ ታይቶአል። ሦስተኛ፣ ሁለት ዐይነቶች በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሲገናኙ ቅይጥ ቫይረስ ሊወለድ ይችላል። እያንዳንዱ የኤችአይቪ ቅንጣት ሁለት የአርኤንኤ ቅጂ ይይዛል፤ ሁለቱ ቅጂዎች ከሁለት ዐይነት የመጡ ከሆኑ፣ በሚቀጥለው ሕዋስ ውስጥ ግልበጣው ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ አዲስ ቅልቅል ያወጣል። በዓለም ላይ ከሚሠራጩት ውስጥ ብዙዎቹ እንደዚህ የተወለዱ ናቸው። ለዚህ «ቅይጥ ዐይነት» የሚለው በቂ ነው። ተደራቢ መያዝ መኖሩ ለክትባት ተመራማሪዎችም ከባድ መልእክት አለው፤ የመጀመሪያው መያዝ ራሱ ከሁለተኛው ሙሉ በሙሉ አለመጠበቁን ያሳያልና።

7. ቃሉ እንዳያስፈራ፣ እንዳያዘናጋም

እዚህ ላይ ተርጓሚው በሁለት ገደሎች መካከል ይሄዳል። በአንድ ወገን «አንዴ ተይዣለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ይመጣብኛል?» የሚል መዘናጋት አለ፤ በሌላው ወገን ሁለቱም ቫይረሱ ያለባቸውን ባልና ሚስት ያለ ምክንያት ማስፈራራት አለ። ስለዚህ ሌላ አንድ ቃል በትክክል መተርጐም ያስፈልጋል፤ እርሱም በሕክምና ምክንያት የቫይረሱ መጠን ተራ መለኪያ መሣሪያ ሊያሳየው ከሚችለው በታች መሆኑን የሚገልጸው ነው።

ይህን «ቫይረሱ የለም» ወይም «ነጻ ሆኗል» ብሎ መተርጐም ፈጽሞ አይገባም፤ «ነጻ» በአማርኛ የያዘው ቦታ የምርመራው ውጤት ቫይረስ አለመኖሩን ላሳየው ሰው ነው። «የማይታይ» የሚለውም ይጐድላል፤ ቫይረስ ዱሮውንም በዐይን አይታይም። እኛ «ከመለኪያ በታች» የሚለውን እናቀርባለን። መለኪያው መኖሩን፣ መጠኑም ከእርሱ ማነሱን ያስረዳል፤ ጨርሶ መጥፋቱን ግን አይናገርም።

ይህ ሁኔታ በመተላለፍ ላይ ያለው ውጤት ታላቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ አንድ የአውሮፓ ጥናት አንዳቸው ኤችአይቪ ያለባቸው፣ ሌላኛቸው የሌለባቸው 888 ጥንዶችን ተከታትሎ፣ መጠኑ በሕክምና ከመለኪያ በታች ከሆነ ሰው ወደ ጓደኛው አንድም መተላለፍ አላገኘም፤ በ2019 የታተመው ተከታይ ጥናትም ያንኑ አጸና። እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት ቫይረሱ የሌለበትን ሰው ይዘው ነው። ሆኖም ለተደራቢ መያዝም የሚተላለፍ ቫይረስ ስለሚያስፈልግ፣ ሁለቱም መድኃኒታቸውን በአግባቡ በሚወስዱና መጠናቸው ከመለኪያ በታች በሆነ ጥንዶች መካከል ሥጋቱ እጅግ ያነሰ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሥጋቱ የሚጐላው ሕክምና ባልተጀመረበት፣ በተቋረጠበት ወይም ቫይረሱ መድኃኒቱን በተላመደበት ጊዜ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ክሊኒክ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስተረጉም ባለሙያ «ዳግም ትያዛላችሁ» ብሎ ከሚያልፍ ይልቅ «መድኃኒቱ ከተቋረጠ ሌላ ዐይነት ኤችአይቪ በላዩ ሊደረብ ይችላል» ቢል፣ ሐኪሙ ያለውን በትክክል አድርሶአል።

«ፖዘቲቭ» የሚለው ቃልም ማብራሪያ ሳይታከልበት መተው የለበትም፤ በሌላ አገባብ በጎ ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሰው የምሥራች አድርጎ ሊሰማው ይችላል። «ቫይረሱ ተገኝቶአል»፣ «ቫይረሱ አልተገኘም» ማለት ከጥርጣሬ ያድናል።

8. ለመዝገበ ቃላት የቀረቡ ብያኔዎች

ኤችአይቪ፦ (ስ.) የሰውን የበሽታ መከላከል አቅም የሚያዳክም ቫይረስ። ይተላለፋል፣ ይገኛል፣ ይለካል።

ኤድስ፦ (ስ.) ኤችአይቪ ያለ ሕክምና ሲቆይ የሚያደርስበት የመጨረሻ የሕመም ደረጃ፤ ከመከላከል አቅም መዳከም የተነሣ የሚታይ የሕመም ምልክቶች ስብስብ። አይተላለፍም፤ ይደረስበታል፣ ይታከማል።

መያዝ፦ ተሕዋሲ ወደ ሰውነት ገብቶ መኖርና መባዛት መጀመሩ። ከመታመም ይለያል፤ የተያዘ ሁሉ የታመመ አይደለም።

ዳግም መያዝ፦ ከዳኑ በኋላ በዚያው ተሕዋሲ እንደገና መያዝ። ቫይረሱ ለማይወገድለት ሰው በኤችአይቪ ረገድ አይነገርም።

ጥምር መያዝ፦ በሁለት ዐይነት ተሕዋስያን አንድ ላይ መያዝ።

ተደራቢ መያዝ፦ የመጀመሪያው ከተደላደለ በኋላ በሌላ ዐይነት፣ ወይም ከሌላ ሰው በመጣ በዚያው ዐይነት መያዝ።

ቅይጥ ዐይነት፦ ከሁለት የቫይረስ ዐይነቶች ውርሰ መልእክት ተቀላቅሎ የተወለደ ቫይረስ።

ከመለኪያ በታች፦ በሕክምና ምክንያት የቫይረሱ መጠን መሣሪያ ከሚያሳየው ማነሱ። ከ«ነጻ» ይለያል።

ከእነዚህ ስምንቱ አንዳንዶቹ በሥራ ላይ የዋሉ ናቸው፤ «ተደራቢ መያዝ»ና «ከመለኪያ በታች» የሚሉት ግን በዚህ ጽሑፍ ለውይይት የቀረቡ ሐሳቦች ናቸው። የስያሜ ሥራ በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብቻ አይፈጸምም። ሐኪሞች፣ የምክር አገልግሎት ሠራተኞች፣ አስተርጓሚዎችና ከሁሉ በላይ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቃሉን በአፋቸው ሲሞክሩት ነው ብቃቱ የሚታወቀው። የተሻለ ቃል የሚያውቅ አንባቢ ቃሉን ከነምክንያቱ ቢልክልን፣ በሚቀጥሉት ዕትሞች ከዚህ ከቀረበው ጋር አነጻጽረን እንመለከተዋለን።